በሕማማት የቀላ ተረከዝ

ፊት የባለቤቱ ነው፤ ተረከዝ ግን የትዳር ነው። ይህን ያልሁት አንድ ሊቅ ነግሮኝ እንዳይመስላችሁ። ጎንደር ፒያሳ ላይ ጫማ ስሸጥ የሸበትሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ ሥራ የሰው ፊት ብዙም አላይም፤ የማየው እግር ነው። ፊት ይዋሻል። ይታጠባል፣ ይላጫል፣ ይቀባል፣ የሌለውን ደስታ ለብሶ ይወጣል። ተረከዝ እንዲህ ያለ ብልጠት አያውቅም። ከረባት ያሰረ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ባጃጅ ደጅ ያስቆመ ሰው ገብቶ ጫማ ሊለካ ካልሲውን ሲያወልቅ፣ ሚስቱ ቤት ትኑር፣ ታኩርፍ፣ ወይም ዘመድ ጥየቃ ትሂድ በአንድ እይታ እለየዋለሁ። የራሱን ተረከዝ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ማን አለ? «እስቲ እግርህን አምጣ፣ ምን ሁነህ ነው እንዲህ የተሰነጣጠቅህ?» የሚል ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

እኔን እንዲህ የምትለኝ ሚስቴ የሺ ናት። የሺ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ደባርቅ ናት። እናቷ አልጋ ያዙ፤ የሚያገላብጣቸው፣ የሚያጥባቸውና ገላቸውን የሚያሻቸው ሰው ጠፋ፤ ያለቻቸው ሴት ልጅ እርሷ ብቻ ናትና ጓዟን ሸክፋ ሄደች። መሄዷ ትክክል ነው። ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ትክክል መሆኑ ራት አይሆነኝም። ከበሩ ኋላ ሰቅላው የሄደችው ነጠላ አደስ አደስ ይሸታል፤ ጸጉሯን በአደስ ቅቤ ስለምትቀባ የነካችው ልብስ ሁሉ እንዲያ ነው። ነጠላውን አላጠብሁትም። ለምን አላጠብኸውም የሚለኝ ሲመጣ ሳሙና አለቀ እላለሁ። ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ናፈቀችኝ። በዚህ ዕድሜ ሚስቴ ናፈቀችኝ ማለት ያሳፍራል ይባላል፤ እኔን ያሳፈረኝ መናፈቄ ሳይሆን ለራሷ መንገር አለመቻሌ ነው።

ስልክ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ። ኔትወርኩ ደስ ባለው ቀን ይሠራል፤ እርሱ ሲሠራ ደግሞ እኔ አልሠራም። «አለህ?» ትለኛለች፤ «አለሁ» እላለሁ። «እናትሽ እንዴት ናቸው?» እላለሁ፤ «እንደ እግዜር ፈቃድ» ትላለች። ከዚያ በኋላ «ለፋሲካ ትመጫለሽ?» የሚለው ጥያቄ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና «ሽንኩርት ተወደደ» ሆኖ ይወጣል። በሆሳዕና ዋዜማ ራሷ ገላገለችኝ። እናቷን ጥላ መምጣት እንደማትችል፣ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን እንደሚዘጋ ነግራኝ፣ ጾሙን ከወይዘሮ ደብሬ ቤት እንድፈታ አዘዘችኝ። ወይዘሮ ደብሬ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ አፋቸው ብቻ መዝጊያ የለውም።

ታዲያ አንተ ለምን አትሄድም? ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። አማትና አማች በእኛ አገር ይተፋፈራሉ። እኒያ ኩሩ ሴት ተኝተው፣ ሰውነታቸው ከስቶ፣ አማቻቸው ከፊታቸው ሲቀመጥ አልቻሉም፤ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑና እኔ እስክወጣ ድረስ አልገለጡትም። ውኃ እንኳ የጠጡት በጋቢው ሥር ነበር። እኔ ናፍቆቴን ልወጣ ብዬ የታመመ ሰው ማፈን ነውር መሰለኝና በማግስቱ ተመለስሁ።

አሁን ወደ ተረከዜ ልመለስ። በእኛ ደብር በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ሥርዓቱ የትሕትና ነው፤ ካህኑ ዝቅ ብሎ ያጥባል፣ ምእመኑ ተቀምጦ ይታጠባል። ትሕትናው የእርሳቸው ሲሆን ጭንቀቱ የእኔ ነው። የንስሐ አባቴ ተረከዜን በእጃቸው ሊይዙት ነዋ! ጴጥሮስስ ቢሆን መጀመሪያ እምቢ ያለው ተረከዙን አስቦ እንደሆነ ማን ያውቃል? በዚህ ምክንያት የሺ በየዓመቱ ከሐሙስ በፊት እግሬን በለብታ ውኃ ትዘፈዝፈዋለች፣ በድንጋይ ትፈትገዋለች፣ የኑግ ዘይት ታጠግበዋለች። «አባ ሲይዙት ሚስት የሌለው እንዳይመስላቸው» ትላለች። እንግዲህ እግሬን በየዓመቱ የሚያጥቡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ በስውር፣ አንዱ በአደባባይ። ዘንድሮ የስውሯ የለችም። ተረከዜም ሰው እንደሌለው ገብቶት ብርድና ፀሐይ እንደፈለጉ ሠሩበት፤ ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ ካልሲ መብላት ጀመረ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሐመልማል የምትባል ወጣት የቆዳ ቅባትና ሳሙና የምትሸጥበት ሱቅ ከፍታለች። ዕቃዋ ሁሉ ከእፅዋት ነው፤ እሬት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ጉሎ። የምትገዛው በቀጥታ ከገጠር ሴቶች ነው፤ ዋጋ ስትከራከር አላየኋትም። «ያመጣችው ሴት ከተበደለች ቅባቱ ቆዳ ላይ አይሠራም» ትላለች፤ ይህ ሳይንስ ይሁን ሃይማኖት እስካሁን አልለየሁትም። ብልቃጡን ለመለሰ ደንበኛ ትቀንስለታለች። ይኼኛው ብዙም አልደነቀኝም፤ በእኛ ቤት ብልቃጥ ተጥሎ አያውቅም፤ ማር ይዞ የመጣው ሲቆይ በርበሬ ይይዛል፣ ሲያረጅ ምስማር። በሩ ላይ ግን «ከእንስሳ የተገኘ ነገር የለበትም፤ በእንስሳም ላይ አልተሞከረም» የሚል ተጽፏል። ይህን ያነበብሁ ዕለት ሥጋት ገባኝ። በእንስሳ ካልተሞከረ በማን ሊሞከር ነው? ቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ።

የሕማማት ሰኞ ግን ሥጋቴን ዋጥ አድርጌ ገባሁ። መጀመሪያ የጠየቅኋት ቅባቱ የጾም መሆኑን ነው። ሐመልማል ሳቀችና ዓመቱን ሙሉ የጾም እንደሆነ አረጋገጠችልኝ። ከዚያ ወዲያ ያን ብልቃጥ በአክብሮት ነው የማየው። እኔ በፍልሰታ እንኳ የምሰንፍ ሰው ነኝ፤ እርሱ ግን ፋሲካ የለውም። ከዚያ እግሬን እንዳሳያት ጠየቀች። አሳየኋት። «ኧረ በስማም አያ ታፈረ! ይህስ በጋ የመታው ዋልካ መሬት ነው» አለች። ቅባቷ እንደሚያድነው፣ ግን ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ ለሐሙስ እንደማይደርስ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ነጋዴ እንዲህ እውነት ሲናገር ሳይ ለሙያው አዘንሁ። ቶሎ የሚደርስ ነገር የለም ወይ ብላት ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ እንሶስላ ነበር፣ የእናቶቻችን እግር የማይነቃው በእርሱ ነው አለች። እርሷ ግን አትሸጠውም። «ቅጠል ቢቆርጡት ይመለሳል፤ ሥር የነቀሉትን ማን ይመልሰዋል?» አለችኝ። ድሮ ከደጅ ወንዝ ዳር ይገኝ የነበረው እንሶስላ ለገበያ እየተነቀለ አልቆ፣ ዛሬ ሴቶቹ ገደል ወርደው ነው አሉ የሚያመጡት።

እኛ ቤት ግን አለ። የሺ ከጓሮ፣ ከውኃው ቦይ አጠገብ፣ ከእናቷ ቤት አምጥታ የተከለችው ነው። በበጋ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ሥሩ እንደ ድንች ከመሬት ውስጥ ተኝቶ ክረምትን ይጠብቃል። ይህን ስነግራት ሐመልማል ሥርዓቱን አስተማረችኝ። ግማሹን ብቻ ልወስድ፣ ማቆጥቆጫ ያለበትን ግማሽ መልሼ ልቀብር፤ የወሰድሁትን ወቅጬ ተረከዜን ልቀባ፣ ውኃ ፈልቶ እስኪወርድ ያህል ቆይቼ ልታጠብ። «አያ ታፈረ፣ እንዳይቆይብዎ! ከቆየ ይቀላል» አለችኝ፤ እስከ በሩ ሸኝታኝ ደግሞ አለችኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ ነገሬን ከሥሩ ያዝሁት። ቆፈርሁ፣ አጠብሁ፣ ወቀጥሁ። ግማሽ የሚባለውን ነገር በሚገባ አልለካሁትም፤ የተረከዜ ስንጥቅ ብዙ ስለሆነ ሥሩም ብዙ መስሎኝ ነበር። የሺ ስታደርግ እንዳየሁት በተረከዜም በውስጥ እግሬም፣ በጣቶቼም መካከል ለጠፍሁ፤ እንደ እርሷ በጉሎ ቅጠል ጠቀለልሁ፤ ለሰዓት መለኪያ ውኃ ጥጄ፣ እንደ እርሷ ከከሰሉ አጠገብ እግሬን ዘረጋሁ። ለዚህ ይመስለኛል ሴቶች እንሶስላ መቀባት ሳይሆን መሞቅ የሚሉት።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ያ የእርጥብ ሥርና የጉሎ ቅጠል ሽታ ሲሞቅ ቤቱን ሞላው። ይህ ሽታ በእኛ ቤት የበዓል ዋዜማ ሽታ ነው። የሺ እጅና እግሯን ጠቅልላ ተቀምጣ፣ ምንም መንካት ስለማትችል፣ በዓመት ውስጥ በዚያች ሰዓት ብቻ እኔን የምታዝዝበት ሽታ ነው። «ነጠላዬን ሳብ አድርግልኝ፣ አፍንጫዬን እከክልኝ፣ ውኃ አጠጣኝ።» አፍንጫዋን ሳክላት እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! ይህን ሳስብ ዓይኔን ጨፈንሁ። ውኃው ፈላ። ተንኖም አለቀ። እኔ ግን ከየሺ ጋር ነበርሁና አልሰማሁም። ስነቃ ወፍ ተንጫጭቷል፤ ሐሙስ ሆኗል።

ቅጠሉን ስፈታው እግሬ የእኔ አልነበረም። የሙሽራ እግር ነው! ከቁርጭምጭሚት በታች እስከ ጣቶቼ ጫፍ የበሰለ ጠጅማ ቀይ ሆኖ ያበራል። በሎሚ አሸሁት፣ በአመድ አሸሁት፣ በሐመልማል ሳሙና አሸሁት፤ በታሸ ቁጥር እንደ ተወለወለ ጫማ ይደምቃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያለው ሰው እንሶስላን ረስቷል። መቅረት አማረኝ። ግን በሕማማት ሐሙስ ሚስቱ የሌለች ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቢቀር ደግሞ ምን ሊባል ነው? ወፍራም ካልሲ አድርጌ፣ ወረፋው ከእኔ ሳይደርስ በሆነ ተአምር እንዲያልቅ እየጸለይሁ ሄድሁ።

አላለቀም። በሕማማት ሰው ጥቁር ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንኳን ሊያጌጥ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጥም። በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ካልሲዬን አወለቅሁ። የንስሐ አባቴ ቀኝ እግሬን ተቀብለው ውኃ አፈሰሱበት፤ በወይራ ቅጠል አሹት። ቆም አሉ። ደግመው አሹት። ዓይናቸው ደከም ያለ ነውና ደም መስሏቸው «ቆስለሃል ልጄ?» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ እንሶስላ ነው» አልሁ። እግሬን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በመጨረሻ «በሕማማት?» አሉ። ከዚያ ግራ እግሬን ስሰጣቸው «ይኼም?» ብለው፣ እንደ ትሕትና ሳይሆን እንደ ቅጣት አድርገው ፈተጉት። ቀና ስል በሴቶቹ በኩል ወይዘሮ ደብሬ ስግደታቸውን አቋርጠው እግሬን ያያሉ።

የሐሙስ ጉልባን ተበልቶ ሳያበቃ ነገሩ ተጠናቆ ነበር። ሚስቱ ደባርቅ እናቷን ስታስታምም ታፈረ እንሶስላ ሞቆ ሙሽራ ሊያመጣ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ አለ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር አይደል? ዓርብ ከስግደት መልስ ሙሽራዋ የእንፍራንዝ ልጅ ሆነች። ለምን እንፍራንዝ? እኔ እንፍራንዝ ዘመድም፣ ደንበኛም የለኝም። ብቻ የእንፍራንዝ ልጅ ናት፤ ቀይ ናት፤ ጸጉሯ ረጅም ነው። እውነቱን ለመናገር ሲነግሩኝ ትንሽ ደስ የሚል ነገር ነበረው። የእኔን አንዲት «ናፈቅሽኝ» ተሸክሞ መድረስ ያቃተው ኔትወርክ ይህን ሁሉ፣ ከነጸጉሯ ርዝመት፣ በአንድ ቀን ደባርቅ አደረሰው።

ቅዳሜ፣ ካህናቱ ያደሉትን ቀጤማ በራሴ ላይ አስሬ፣ እግሬን በሳፋ ነክሬ በአመድ ስፈትግ የግቢው በር ተከፈተ። የሺ ናት። ከስታለች። አቧራ ለብሳለች። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ልሮጥ ስል ሳፋው ተደፋ። «መጣሽ?» አልሁ። «መጣሁ» አለች። ይህን ሁሉ ወራት ሳጠናው የኖርሁት ንግግር ይህ ሆነ። እግሬን አየችው፤ ቀጤማውን አየችው፤ አልፋኝ ቤት ገባች። ያልታጠበውን ድስት፣ ያቆጠቆጠውን ሽንኩርት፣ ብቻዋን የቆመችውን ብርጭቆ ስታይ ነገሩ ወዲያው ገባት። ያን ቤት ያየች ሴት እዚህ ሌላ ሴት አለች ብላ አትጠረጥርም። ይልቅ በጓሮ በር ወጣችና ቁጣዋ ከዚያ ተሰማኝ። «ምነው ታፈረ! ምነው! እንሶስላዬን ከነሥሩ?» የእንፍራንዟን ልጅ ይቅር ልትለኝ ትችል ነበር፤ ይህን ግን እንጃ። ተንበርክካ አፈሩን በጣቶቿ ፈተሸችው። ከጥግ በኩል አንዲት አውራ ጣት የምታህል ሥር ሳልቆፍር ትቻት ኖሮ አገኘቻት። «ስንፍናህ አተረፈልኝ» አለች። ሐመልማል ሰምታ ቢሆን ለእፅዋት ተቆርቋሪ ብላ ትሸልመኝ ነበር።

ከዚያ መጥታ ተቀመጠች፤ እግሬን ከጭኗ ላይ አደረገችው። ተረከዜን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ስንጥቁ ገጥሟል። «ሸጋ አርጎታል እኮ» አለችና ሳቀች፤ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። እናቷ ስሟን እንደረሱት የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ገላቸውን ስታሻቸው «እግዜር ይስጥሽ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል አሉ። ሽንኩርት ተወደደ አላልሁም። ናፍቀሽኝ ነበር አልኋት። እኔም አለች። ፋሲካን አብረን ዋልን፤ የበላሁትን አላስታውስም፤ እጇን ስታንቀሳቅስ ብቻ ሳይ ዋልሁ። እናቷን ለሁለት ቀን የሚያይላት ጎረቤት ለምና ነበርና ሰኞ በጠዋት መመለስ ነበረባት። ሐመልማል ለአሮጊት ገላ የሚሆን የእሬትና የሰሊጥ ቅባት ሰጠቻት። እስከ መኪናው ሸኘኋት። እርሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ፤ ፒያሳ ሙሉ ሰው አየን።

ሰፈሩም ካየው ነገር ተገቢውን ትርጉም አወጣ። ሚስት ሰምታ መጣች፤ ደረሰችበት፤ እያለቀሰች ጥላው ሄደች። በሳምንቱ ሽማግሌዎች በንስሐ አባቴ መሪነት ከቤቴ መጥተው ተደረደሩ። እውነቱን ነገርኋቸው፤ ሴት የለችም፣ ተረከዝ ነው አልሁ። ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የንስሐ አባቴ በርኅራኄ አስረዱኝ። ጥፋት ከሌለ ዕርቅ የለም፤ ዕርቅ ከሌለ እናቷን የምታስታምም ሴት ከአልጋ ሥር አስነሥቶ የሚያመጣ ምክንያት የለም። ጥፋቴን ካመንሁ ግን እነርሱ ራሳቸው ደባርቅ ሰው ይልካሉ፤ ከአሮጊቷ ጎን ተተኪ አስታማሚ ያስቀምጣሉ፤ የሺን በመኪና አምጥተው ከእኔ ጋር ያስታርቃሉ፤ ትዳሩ እስኪጠና ድረስም ወር ሁለት ወር ከእኔ ጋር እንድትቆይ ያደርጋሉ።

አንገቴን ደፋሁ። ቀይ እግሬን አየሁት። «እንግዲህ ልጄ፣» አሉኝ የንስሐ አባቴ፣ «የእንፍራንዟን ትተዋታለህ?»

የሺ ባለችበት ካልሆነ አልተዋትም አልኋቸው።